ሽሪምፕና ሸርጣን ቫይረስን እንዴት ይዋጋሉ? ለነፃ ሥዕላዊ መጽሐፍ የድጋፍ ጥሪ

ውድ ወገኖች፣

ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና ሎብስተር አንቲቦዲ (ሰርጎ ገብን ለይቶ የሚይዝ የደም ፕሮቲን) የላቸውም። ያለፈ በሽታን ለይተው የሚያስታውሱ፣ የእኛን የመሰሉ ነጭ የደም ህዋሳትም የሏቸውም። የባሕር ውሃ ግን በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር በሚሊዮን የሚቆጠር ቫይረስ ይዟል። ታዲያ እንዴት ይተርፋሉ? ይህን ከሥሩ የሚያስረዳ፣ በነፃ የሚሰራጭ የአማርኛ ሥዕላዊ መጽሐፍ በበጎ ፈቃድ እያዘጋጀን ነው። ጽሑፉ አልቋል። የቀሩት ሥዕሎቹ ናቸው፤ ድጋፋችሁን የምንጠይቀውም ለእነሱ ነው።

ሥዕል ለምን እንዳስፈለገ አንዱን ምዕራፍ ላሳያችሁ። ቫይረስ ህዋስ ውስጥ ገብቶ ሲባዛ ብዙ ጊዜ ባለ ድርብ ሰንሰለት አር ኤን ኤ (የዲ ኤን ኤ ዘመድ የሆነ፣ የዘር መልእክት የሚያደርስ ሞለኪውል) ይፈጠራል። ረጅም ድርብ አር ኤን ኤ ጤነኛ ህዋስ ውስጥ እምብዛም ስለማይገኝ፣ መታየቱ ብቻ ሰርጎ ገብ መኖሩን ያሳብቃል። ዳይሰር የሚባለው ኢንዛይም ሰንሰለቱን ከ20 ትንሽ የሚበልጡ ፊደላት (የሰንሰለቱ መሠረታዊ አሃዶች) ወዳሏቸው ቁርጥራጮች ይከትፈዋል። አርጎናውት የተባለው ፕሮቲን ደግሞ አንዱን ቁራጭ ይይዝና በእሱ እየተመራ ተዛማጁን የቫይረስ አር ኤን ኤ መልእክት ፈልጎ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ከዚህም አልፎ፣ ከቫይረሱ ጋር ጭራሽ የማይመሳሰል ድርብ አር ኤን ኤ እንኳ በመርፌ ሲሰጠው የሽሪምፕን የመቋቋም አቅም ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ይህ ሁሉ በቃላት ብቻ ሲነገር ያደክማል። በተከታታይ ሥዕሎች ሲቀርብ ግን ተማሪው ሂደቱን በዓይኑ ይከተለዋል።

ቫይረሱም ቢሆን ዝም ብሎ አይቆረጥም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በምሥራቅ እስያ የተከሰተው የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ቫይረስ 300,000 ገደማ የዲ ኤን ኤ ፊደላት አሉት፤ አንድ ኩሬ ሙሉ ሽሪምፕ ከ3 እስከ 10 ቀን ውስጥ ሊፈጅ ይችላል። (ሰውን አይዝም።) ቫይረሱ፣ ሽሪምፑ ለመከላከያ የሚያነቃውን ስታት የተባለ ፕሮቲን ጠልፎ፣ ከራሱ ጂኖች ቀድሞ ለሚሠራው ማስነሻ ያደርገዋል። ከመጽሐፉ ሁሉ እኔን በጣም የሚደንቀኝ ይህ ነው።

ሁለት ገጽ የሚይዘው ትልቁ ሥዕል የሽሪምፕ የሩቅ ዘመድ የሆነችው የትንሿ የውሃ ፍጡር የዳፍኒያ ነው። የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ኢሊያ ሜችኒኮቭ እ.ኤ.አ. በ1884 ባሳተመው ጥናት፣ ብርሃን በሚያሳልፈው የዚህች ትንሽ ፍጡር ገላ ውስጥ መርፌ የመሰሉ የፈንገስ ስፖሮች (የመራቢያ ህዋሳት) አንጀቷን በስተው ሲወጡ፣ ተንቀሳቃሽ ህዋሳትም ከበው ሲውጧቸው ማየቱን ገለጸ። ጠላቱ ቫይረስ ባይሆንም፣ ለተፈጥሯዊ የበሽታ መከላከያ ጥናት መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ ይህ ስለሆነ ልንተወው አልፈለግንም።

የምትለግሱት ገንዘብ ለሠዓሊ ክፍያና ለገጽ ቅንብር ብቻ ይውላል፤ የጸሐፊዎቹም ሆነ የገምጋሚዎቹ ሥራ በነፃ ነው። ትንሽ ነው ብላችሁ የምታፍሩበት መጠን አይኑር። ገቢና ወጪውን በየወሩ ለሁሉም እናሳውቃለን። የተሰበሰበው ለሁሉም ሥዕሎች ካልበቃ የአር ኤን ኤውን ምዕራፍ አስቀድመን እናወጣለን፤ ሌሎቹ አቅም በፈቀደ ቁጥር ይከተላሉ።

ገንዘብ ለመስጠት ያልተመቻችሁ፣ ራሳችሁ በማይክሮስኮፕ ያነሳችሁት የዳፍኒያ ወይም የሽሪምፕ የደም ህዋስ ፎቶ ካላችሁ ከነፈቃዱ ብትልኩልን ሠዓሊው አይቶ ይሠራበታል።