አምስት ሰዓት ላይ የሚመጣው ትኩሳት

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ እንዲህ ብዬ መጀመሩ ራሱ ይከብደኛል። እማማ ሲያርፉ በዚያው ሳምንት ሰምቻለሁ። ስልኩን አንስቼ ምን እንደምልሽ ጠፋኝና መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ ነገ ስል ወራት አለፉ፣ ከዚያ ደግሞ አፈርኩ። ይቅር በይኝ። ስለሳቸው ለብቻው እጽፍልሻለሁ። ዛሬ ግን አንድ ነገር አላስተኛ ብሎኛል፣ ካንቺ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

አሁንም አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። የአረጋውያኑን ቤት ትቼ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነርስ ከሆንኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ልጅ ይመጣል፣ ትለኪዋለሽ፣ ወይ ክፍሉ ትመልሺዋለሽ ወይ ቤቱ ትልኪዋለሽ። ትኩሳቱ በነሱ ፋራናይት 100.4፣ በኛ ሴልሺየስ 38 ከደረሰ ይሄዳል። ካስመለሰው ይሄዳል። ከትኩሳት ጋር ሽፍታ ካለው ይሄዳል። የሚመለሰው ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ሳያተኩሰው ከዋለ ነው። ቅማል የተገኘበት ልጅ እንኳ ዛሬ ዛሬ ቀኑን ጨርሶ ነው የሚሄደው። ይሄን ስሰማ አንቺ ነሽ ፊቴ ላይ የመጣሽው፤ ሦስተኛ ክፍል ሆነን ጸጉርሽን ተላጭተሽ በእማማ ነጠላ ተሸፋፍነሽ የመጣሽ ቀን። አትቆጪ፣ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

መመሪያው የማይነግርሽ ግን ብዙ ነው። ሰኞ ጠዋት "ሆዴን" የሚሉ ልጆች አሉ። ቁርስ ያልበላ አለ፣ ፈተና የፈራ አለ፣ ማታ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ የነበረበት አለ። ሆዱን እዳስስና በአንድ እግርህ ዝለል እለዋለሁ። እየሳቀ ከዘለለ ትርፍ አንጀቱን ብዙም አልፈራለትም። ብስኩትና ውሃ ሰጥቼ ሩብ ሰዓት አጠገቤ አስቀምጠዋለሁ። ደግሞ 37 ተኩል ላይ ሆኖ ዓይኑ የፈዘዘ፣ አንገቱን ወንበሩ ላይ የጣለ ልጅ አለ። እሱን ቁጥሩ ምንም ቢል ክፍል አልመልሰውም። ጎንደር እያለን መምህራችን "ከቴርሞሜትሩ በፊት ልጁን እዩት" ይሉን አልነበር? በየቀኑ ነው የማስባቸው።

ቤት መላክም እንደሚወራው ቀላል አይደለም። እዚህ ከ180 የትምህርት ቀን 18ቱን የቀረ ልጅ ከባድ ቀሪ ነው የሚባለው። ሥራውን ስጀምር ስለ መጀመሪያዋ የኒውዮርክ የትምህርት ቤት ነርስ ስለ ሊና ሮጀርስ ነግረውን ነበር። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1902 ነው። ያኔ ሐኪሞች ትራኮማ፣ ጭርት ወይም ቅማል ያዩበትን ልጅ ወደ ቤቱ ይሰዱት ነበር። ቤት ማን ያክመዋል? መንገድ ላይ ይውላል። እሷ እዚያው እያከመች፣ ቤታቸው ድረስ እየሄደች እናቶቹን እያስተማረች ሠራች። በሴፕቴምበር 10,567 የነበረው ወደ ቤት የሚሰደዱ ልጆች ቁጥር በዓመቱ በዚያው ወር 1,101 ሆነ። ይሄን ታሪክ በጣም ነው የምወደው። ማክሰኞ ዕለት ያደረግኩትን ሳደርግም ልቤ ውስጥ ያለው እሱ ነበር።

ማክሰኞ በኛ አቆጣጠር አምስት ሰዓት ላይ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ መምህሩ ላከችው። የሐበሻ ልጅ ነው። ጉንጩ ቀልቷል፣ ጃኬቱን አላወልቅም አለ። ለካሁት፣ በነሱ 101.8። አምስት ሰዓት ላይ የሚመጣ ትኩሳት ምን ማለት እንደሆነ እኛ ነርሶች እናውቃለን። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ታይለኖል የሚባለውን የትኩሳት ማስታገሻ ወስዶ መጥቷል፣ መድኃኒቱ አሁን ለቆታል።

እናቱ ጋ ደወልኩ። ኤርፖርት ነው የምታጸዳው። በአማርኛ ሳናግራት መጀመሪያ ደስ አላት፣ ከዚያ አለቀሰች። "ሲስተር፣ ሰጥቼዋለሁ፣ አልዋሽሽም። ሌሊት ሲያተኩሰው ነው ያደረው። ሥራ ከጀመርኩ ስድስት ሳምንቴ ነው፣ የሕመም ፈቃድ ገና አልተጠራቀመልኝም፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ወጥቻለሁ። በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ዘጠኝ ተኩል ድረስ አቆዪልኝ" አለችኝ። የሚወስደው ሌላ ሰው ጠየቅኳት። ማንም የላትም። ጎረቤቷን በስም አታውቀውም።

አቆየሁት። መዝገቡ ላይ "እናት ተነግሯታል፣ እየመጣች ነው" ብዬ ጻፍኩ። እንደማትመጣ እያወቅኩ። የጻፍኩትን ለማንም አልተናገርኩም።

ክፍሌ ጠባብ ናት፤ ሁለት አልጋ፣ በመሃል አንድ መጋረጃ። ማስክ አድርጌለት፣ ብርድ ልብስ አልብሼው ከመጋረጃው ጀርባ አስተኛሁት። ስድስት ሰዓት ላይ አንዲት አስም ያለባት የሁለተኛ ክፍል ልጅ መጣች። በየቀኑ ለጨዋታ ከመውጣቷ በፊት ፓፏን እኔ ጋ ነው የምትወስደው። ኮሪደር ላይ ላስወስዳት እችል ነበር። አላሰብኩትም። እንደ ልማዷ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ፓፉን ነቅንቃ ሳበች፣ ትንፋሿን ይዛ በጣቶቿ እስከ አሥር ቆጠረች። ሁለተኛውን እስክትወስድ ደቂቃ ስንጠብቅ ልጁ ከመጋረጃው ጀርባ ሲስል ተሰማ። ዞር ብላ "ማነው?" አለችኝ። "ትንሽ ያመመው ልጅ ነው" አልኳት። "ቶሎ እንዲሻለው ንገሪው" ብላ ወጣች።

ረቡዕ ማታ እናቱ መልእክት ላከችልኝ። ኢንፍሉዌንዛ ነው ተባለ። አመሰገነችኝ፣ መረቀችኝ። ሐሙስ ልጅቷ ቀረች። ዓርብም ቀረች። ቤቷ ደወልኩ፣ የሚያነሳ የለም፣ እንዲደውሉልኝ መልእክት ተውኩ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ስልኬን ከእጄ አላስቀመጥኩም።

ቀን ባለቤቴ "ጉንፋን ከየትም ይያዛል፣ ከክፍሏም ሊሆን ይችላል" አለኝ። እውነቱን ነው። ግን የጻፍኩትን ቃል አያጠፋልኝም። ልጁን ብልከው እናቱ ሥራዋን ታጣ ነበር፣ ይሄንንም አምናለሁ። ሁለቱን እናቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳስብ አንዷን ለምናኝ ሰማኋት፣ ሌላዋ ግን የምትለምንበት ዕድል እንኳ አልነበራትም። በአማርኛ ባትለምነኝ ኖሮ አቆየው ነበር? እዚህ ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ።

ሰኞ ጠዋት ለዳይሬክተሯ የሆነውን ሁሉ ልነግራት ወስኛለሁ። ለልጅቷም እናት። ከዚያ በፊት ግን ያንቺን ድምፅ መስማት እፈልጋለሁ። አንቺ ስንት ዓመት የሕፃናት ዋርድ ሠርተሻል፣ አስታማሚ እናት ስትለምንሽ የምታደርጊውን አይቻለሁ። አንቺ ብትሆኚ ልጁን ትልኪው ነበር? እኔን ለማጽናናት ብለሽ እንዳትመልሺልኝ።

ስለ እማማ ደግሞ… በመጨረሻ ያየኋቸው ቀን ለመንገድ በሶ ቋጥረውልኝ ነበር። ጨርቁ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። እንኳን ልጽፍልሽ ሳየውም አልችልም።

ቁጥሬ ያው ነው። ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ደውይልኝ፣ እዚህ ሌሊት ቢሆንም አነሳለሁ።

የዘወትር እህትሽ