«ሶዲየም» ለእናቴ ምኗ ነው?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

እናቴ የደም ግፊት አለባት። ሐኪሟ ጨው እንድትቀንስ ካዘዟት ሁለት ዓመት አለፈ። እሷም ቃላቸውን አክብራ የጨው ዕቃዋን ከምድጃው አጠገብ አንስታ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው። ግፊቷ ግን አልወርድ አለ።

ባለፈው ወር አብሬያት ወጥ ስንሠራ፣ ቁሌቱ ሲበስል፣ በወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ የወጥ ማጣፈጫ ፈትታ ጣል አደረገችበት። ምንድን ናት ብላት «ጨው ስለቀነስኩ ለጣዕም ያህል ናት፣ ልጄ» አለችኝ። ካርቶኑን አንስቼ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። ፊቱ ላይ የዶሮ ሥዕልና በትልልቅ ፊደል «በአዮዲን የበለጸገ» የሚል አለ። የይዘቱ ዝርዝር ጀርባው ላይ ነው፤ ከጤፍ ፍሬ በማይበልጥ ፊደል፣ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ። ቀድሞ የተጻፈው ጨው ነው። ዝርዝር የሚጻፈው በክብደት ከሚበዛው ወደሚያንሰው ስለሆነ፣ ማጣፈጫው በዋናነት ጨው ነው ማለት ነው። ከሥሩ ያለው ሠንጠረዥ ደግሞ በ100 ግራም ውስጥ 21 ሺህ ሚሊ ግራም ሶዲየም፣ ማለትም ጨው ውስጥ ያለውና የደም ግፊት የሚጨምረው ንጥረ ነገር፣ እንዳለ ይናገራል።

የሒሳብ መምህርት ነኝ። ሶዲየምን ወደ ጨው ለመለወጥ በ2.5 ማባዛት እንደሚያስፈልግ ስለማውቅ አባዛሁት፤ 52.5 ግራም ጨው ሆነ፣ ከግማሽ በላይ። አንዷ ፍሬ 10 ግራም ትመዝናለች፤ ስለዚህ 5 ግራም ከሩብ ጨው ድስቱ ውስጥ ገብቷል። እናቴ ለምሳ አንድ፣ ለራት አንድ ትጨምራለች፤ በላተኞቹ እኔና እሷ ነን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። እኛ ዳቦው ሳይቆጠር በማጣፈጫው ብቻ ያንን አልፈናል።

ስነግራት ካርቶኑን ተቀብላ አገላበጠችው። «ታዲያ ጨው ነው ብለው አይጽፉም?» አለችኝ። እናቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረች ሴት ናት፤ አማርኛ ታነባለች። የጨው መለኪያዋ ግን ቁንጥጫ ነው። ግራም፣ ሚሊ ግራም፣ ሶዲየም የሚባል ነገር በቤቷ ገብቶ አያውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሐኪሟን የታዘዘች መስሏት ነበር፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ምግብ የሚቆጣጠረው አካል ሕግ የለውም እያልኩ አይደለም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተደንግጎ ዛሬ የሰፈር ባለ ሱቅ ሁሉ «አዮዲን ያለው ነው» ብሎ ይሸጣል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በንጥረ ነገር እንዲበለጽጉ ግዴታ ሆነ። ጎደለ የተባለውን መጨመር ከቻልን፣ የበዛውን ለገዢው መናገር እንዴት ያቅተናል?

እስራኤል የምትኖር አክስቴ ዕብራይስጥ ማንበብ አትችልም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ጨው፣ ስኳር ወይም ጎጂ ስብ የበዛበት የታሸገ ምግብ ፊቱ ላይ ቀይ ክብ ምልክት እንዲኖረው እዚያ አገር ግዴታ ስለሆነ፣ ገበያ ስትወጣ ቀዩን እያየች ትመርጣለች። ሶዲየሙ በ100 ግራም ከ400 ሚሊ ግራም ካለፈ ጠጣር ምግብ ሁሉ ምልክቱ ይለጠፍበታል። ማባዛት የለ፣ መነጽር መፈለግ የለ። ቺሊም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ጥቁር ስምንት ማዕዘን ታስለጥፋለች።

የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ምልክቱ ከፊት ይሁን፣ በሥዕል ይሁን። ሥዕል ከሆነ የአማርኛውም፣ የኦሮምኛውም፣ የሶማሊኛውም ተናጋሪ እኩል ያየዋል። ጀርባው ላይ ደግሞ ከሶዲየሙ ጎን «ጨው» ተብሎ በግራም ይጻፍ። ስለ ቀኑም አንድ ነገር ልጨምር፦ «03/08» ተብሎ የታተመ የአገልግሎት ማብቂያ የሦስተኛው ወር ይሁን የስምንተኛው፣ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጆቹ፣ ባለ ሱቁም አያውቅም፤ የወሩ ስም በፊደል ቢጻፍ ይበቃል።

አምራቾችና አስመጪዎች አዲስ ማሸጊያ ማሳተም ወጪ አለው እንደሚሉ እገምታለሁ። እውነት ነው፣ ያላቸውን ጨርሰው እንዲለውጡ ጊዜ ይሰጣቸው። እስራኤልም ገደቡን በአንድ ጊዜ አላጠበቀችም፤ በ500 ሚሊ ግራም ጀምራ ከዓመት በኋላ ነው ወደ 400 ያወረደችው።

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በዚህ ላይ ያሰበው ካለ በዚሁ ዓምድ ቢያሳውቀን ደስ ይለኛል። በአማርኛ ከወጣ እናቴም ታነበዋለች።

አንዲት መምህርት፣ ከአዲስ አበባ