ለልጄ፣ ስለ ዳማ ሳህን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ እማማም ደህና ናቸው? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ ስናወራ ልጆቹ ስለሚሻሙን ይህን ጉዳይ አንድ ጊዜ ረጋ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ።

የላክሽልኝን የውሻችሁን የዳማን የምርመራ ወረቀት ደጋግሜ አነበብኩት። ክብደቱ 41 ኪሎ ደርሷል። ሐኪሟ 33 ኪሎ አካባቢ ቢሆን ነው የሚሻለው ብላለች፤ በ9 ደረጃው የሰውነት አቋም መለኪያ ደግሞ 7ኛው ላይ አስቀምጣዋለች፤ ጤነኛው 4 ወይም 5 ነው። አንቺ ከስሩ «አባዬ፣ ስድስት ዓመት ሞላው እኮ፤ ያንቀራፈፈው እርጅና አይሆንም?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይደለም ልጄ። ላብራዶር በ6 ዓመቱ ገና ጎልማሳ ነው። ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ የሚያስቆመው፣ መኪና ላይ ለመውጣት የሚያስፈራው ክብደቱ ነው። ይህን በመስማቴ ደግሞ ተጽናንቻለሁ፤ ምክንያቱም እርጅና ቢሆን ምንም አናደርግለትም ነበር፤ ለክብደቱ ግን ብዙ ማድረግ ትችያለሽ።

እንደምታውቂው የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ቢሾፍቱና አካባቢዋ በሬና ላም ስዳብስ ነው። አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የቁም እንስሳት ማዕከል፣ እኛ ኢልካ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ሻኛ ላላቸው ከብቶች የሰውነት አቋም መመሪያ አሳትሞ ነበር። እሱም እንደ ዳማ ሐኪም መለኪያ 9 ደረጃ ነበረው። ያኔ የሚያሳስበን የበሬው መክሳት ነበር፤ በጋውን በጭድ ያሳለፈ በሬ እርሻ ሲጀመር ሞፈር የሚጎትትበት አቅም ይኖረው እንደሆን ለማወቅ ነበር የምንዳብሰው። የዳማ ችግር ተቃራኒው ነው፤ መንገዱ ግን ያው ነው። ዓይን በፀጉር ይታለላል፤ በየቀኑ የሚያይ ሰው ዓይን ደግሞ ይበልጥ ይታለላል። ስለዚህ እጅሽን እመኚ።

ዳማ አጠገብ ቁሚና ሁለት እጅሽን ጎንና ጎኑ ላይ አሳርፊ፤ ሳትጫኚ ጎድኑን ፈልጊው። ምን መፈለግ እንዳለብሽ ለማወቅ መጀመሪያ የራስሽን እጅ ዳብሺ። ቡጢ ጨብጠሽ አንጓዎቹን ስትነኪ የሚሰማሽ የከሳ ውሻ ጎድን ነው። ጣትሽን ዘርግተሽ የእጅሽን ጀርባ ስትዳብሺ አጥንቱ በስስ ቆዳ ስር ይሰማሻል፤ የጤነኛ ውሻ ጎድን እንደዚህ ነው። መዳፍሽን ገልብጠሽ ከአውራ ጣትሽ ስር ያለውን ሥጋ ስትነኪ አጥንቱን ለማግኘት መጫን ግድ ይልሻል፤ ዳማ ዛሬ ያለው እዚህ ነው። ከዚያ ከላይ ቁልቁል እዪው፤ ከጎድኑ ኋላ ወገቡ ገባ ማለት አለበት። ከጎን ስታዪው ደግሞ ሆዱ ወደ ኋላ እግሩ ሲሄድ ከፍ ማለት አለበት። ይህን በየሳምንቱ አድርጊው።

«ትንሽ ሞላ ቢል ምን ይጎዳዋል?» ላለው ለባለቤትሽ ይህን ንገሪልኝ። አሜሪካ ውስጥ ፑሪና የተባለው የእንስሳት ምግብ ኩባንያ 48 የላብራዶር ቡችሎችን ከየእናታቸው ልጆች ጥንድ ጥንድ አድርጎ ዕድሜ ልካቸውን ተከታተለ። ከየጥንዱ አንዱ ከወንድሙ ወይም ከእህቱ 25 በመቶ ያነሰ ምግብ ይሰጠው ነበር፤ ምግቡ ዓይነቱ አንድ ነው፣ ልዩነቱ መጠኑ ላይ ብቻ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲታተም፣ ጥቂት የበሉት መካከለኛ ዕድሜ 13 ዓመት፣ የሌሎቹ ደግሞ 11.2 ዓመት ሆኖ ተገኘ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የመገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒት ያስፈለጋቸውም 3 ዓመት ገደማ ዘግይተው ነው። ልብ በይ፣ ብዙ የበሉት መንቀሳቀስ እስኪያቅታቸው የወፈሩ አልነበሩም፤ ባለቤትሽ እንደሚለው «ትንሽ ሞላ ያሉ» ነበሩ። ልጆቹ ከዳማ ጋር የሚያሳልፉት ሁለት ተጨማሪ ዓመት ማለት ነው፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እኛ ሰዎች ለምን እንዲህ እንደምናደርግ ይገባኛል። ያደግነው የጎድኑ አጥንት የሚቆጠር የመንገድ ውሻ እያየን ነው። የራሳችን ውሻ ሲኖረን ሳህኑ ጎድሎ ማየት ይጨንቀናል፤ ወፈር ሲል ደግሞ ተመቸው ብለን ደስ ይለናል። ክፋት የለበትም፤ ርኅራኄ ነው። ነገር ግን ውሻው የሚያስፈልገውን ካላወቅን ርኅራኄያችን ጉልበቱንና ልቡን ይጎዳዋል። በውፍረት የጉልበት ጅማቱ ይበጠሳል፣ በሙቀት ቀን ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ማደንዘዣ ሲያስፈልገውም አደጋው ይጨምራል። እዚያ አሜሪካም በየቤቱ ያለ ችግር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገ ጥናት የእንስሳት ሐኪሞች ካዩዋቸው ውሾች 59 በመቶው ከልክ በላይ ክብደት ነበራቸው። ብቻሽን አይደለሽም።

ዳማ ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው። አንደኛ ተኮላሽቷል፤ የተኮላሸ ውሻ ቀድሞ ይበላው ከነበረው ያነሰ ነው የሚያስፈልገው፣ ፍላጎቱ ግን ይጨምራል። ሁለተኛ ላብራዶር ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳዩት ከአራት ላብራዶሮች የአንዱ ገደማ ፒኦኤምሲ በሚባል ዘረመሉ ላይ ጉድለት አለ፤ ጠግቤያለሁ የሚለው መልእክት በአግባቡ አይተላለፍለትም። በኋላ በተደረገ ጥናትም እነዚህ ውሾች አርፈው ሲቀመጡ የሚያቃጥሉት ጉልበት ከሌሎቹ በ25 በመቶ ገደማ እንደሚያንስ ታውቋል። ዳማ ይህ ይኑርበት አይኑርበት ያለ ምርመራ አይታወቅም። ሆኖም አንድ ነገር አስቢበት፦ ገበታ ስር ተቀምጦ ዓይን ዓይናችሁን ሲያያችሁ ሆዱ ባዶ ነው ማለት አይደለም። በልቶ የጨረሰው ከሩብ ሰዓት በፊት ቢሆንም እንደዚያው ያያችኋል። ስለዚህ መጠኑን ዓይኑ አይወስን፤ ሚዛን ይወስን።

አሁን ወደ ሳህኑ ልምጣ። በኩባያ መስፈሩን ተዪው። ያው ኩባያ በአንቺ እጅና በልጆቹ እጅ አንድ አይሆንም፤ ሁሉም በቀን በቀን ትንሽ ትንሽ ከጨመረ ወር ሲሞላ ብዙ ነው። ኬክ ስትጋግሪ የምትጠቀሚበትን ሚዛን አውጪና በግራም መዝኚ። ስንት ግራም? ሐኪሞች ለመቀነስ ሲሰሉ የሚነሱት ውሻው ዛሬ ካለው ክብደት ሳይሆን ሊደርስበት ከሚገባው ነው፤ 33ን በ0.75 ርቢ አንስተው በ70 ያባዛሉ። ለዳማ በቀን ወደ 960 ኪሎካሎሪ ይመጣል። ከዚህ ውስጥ ብስኩትና ሽልማት የምትሉት ሁሉ ከአንድ አሥረኛው ማለፍ የለበትም። የቀረውን ወደ 860 ኪሎካሎሪ በምግብ ትሰጪዋለሽ፤ የምግቡ ከረጢት ላይ በኪሎ ስንት ኪሎካሎሪ እንዳለው ተጽፏል። ለምሳሌ በኪሎ 3,200 ካለው በቀን 270 ግራም ገደማ ነው፣ ለሁለት ጊዜ ተከፍሎ። ይህ መነሻ ነው እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ከሐኪሟ ጋር አስተካክሉት።

የለመደውን ምግብ ዝም ብለሽ ግማሽ አታድርጊበት። ጉልበቱ ብቻ ሳይሆን ፕሮቲኑና ቫይታሚኑም አብሮ ይቀንስበታል፣ ጡንቻውንም ያጣል። ለመቀነስ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ፕሮቲኑና አሰሩ (ፋይበሩ) ከፍ ያለ ምግብ አለ፤ ሐኪሟን ጠይቂያት። ዋጋው ወደድ ይላል፣ ግን የጉልበት ቀዶ ሕክምና ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ስትቀይሪለትም በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እያደባለቅሽ ይሁን፤ አለዚያ ሆዱ ይበላሻል።

ከሁሉ የሚከብድሽ እማማ ናቸው፤ አውቃለሁ። ከገበታቸው ለዳማ ሳያጎርሱ እህል አይወርድላቸውም። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቤትሽን አቅንተዋል፤ «አይስጡት» ብለሽ ፊታቸው ላይ እንዳትናገሪ። ይልቅ ጠዋት የዳማን የቀን ድርሻ በሙሉ መዝነሽ አንድ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አድርጊና ከዚያ ላይ ጥቂቱን ለእማማ ስጫቸው፤ «ይሄ የእርስዎ ነው፣ ከእጅዎ ይብላ» በያቸው። ማጉረሱ አይቀርባቸውም፣ ዳማም ከድርሻው አያልፍም። ልጆቹም የሚሰጡት ከዚያው ዕቃ ይሁን። ዕቃው ባዶ ከሆነ የዛሬው አለቀ ማለት ነው፤ «እኔ አልሰጠሁትም፣ ማን ሰጠው?» የሚል ክርክርም ይቀራል። ድርሻው አልቆ ዳማ ሲያስቸግር ጥሬ ካሮት ወይም ያለጨው የተቀቀለ ፎሶሊያ ስጡት፤ አንድ መካከለኛ ካሮት 25 ኪሎካሎሪ ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ግን ከ100 ያልፋል።

ወጡን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። ክብደቱን ብንተወው እንኳ ወጥ ለውሻ መርዝ ነው። ዶሮ ወጥ ከነፍሱ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ መብሰሉም አያድነውም። በርበሬያችንም ቅቤያችንም ነጭ ሽንኩርት አለበት። ቅባት የበዛበት ምግብ ደግሞ ቆሽቱን ሊያስቆጣ ይችላል፤ ከበዓል ማግስት ውሻ ይዞ ወደ ሐኪም የሚሮጠው ሰው ብዙ ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ዘቢብና ወይን ኩላሊት ያበላሻሉ፤ ዛይሊቶል የሚባለው ስኳር ተክቶ ማስቲካና አንዳንድ የኦቾሎኒ ቅቤ ውስጥ የሚገባው ነገር ደግሞ በጥቂቱም ይገድለዋል። ይህን ለእማማ ስትነግሪያቸው ወዲያው ይተዋሉ ብዬ አምናለሁ፤ ውፍረትን አያምኑበት ይሆናል፣ መርዝን ግን ማንም አይሰጥም። እንግዳ ሲመጣም ቀድመሽ ንገሪ፤ ፋሲካ ወይም ገና ሲሆን ሰዉ እስኪሄድ ዳማን ሌላ ክፍል ብታቆዪው ይሻላል።

ስለ መንገዱ፣ ማለትም ስለ እግር ጉዞው ደግሞ፣ ባለቤትሽ ጠዋት ጠዋት አብሮ ሊያሮጠው እንዳሰበ ነግረሽኛል። ሐሳቡ መልካም ነው፣ ግን አሁን አይሁን። 8 ኪሎ ትርፍ ተሸክሞ በአስፋልት ላይ መሮጥ መገጣጠሚያውን ይጎዳዋል፤ በሩጫ ብቻ የሚቀንሰውም ከምታስቡት ያነሰ ነው። ክብደት የሚቀንሰው ሳህኑ ላይ ነው፤ መንገዱ ጡንቻውን ይጠብቅለታል፣ መንፈሱንም ያድስለታል። ስላይጎ ክሪክ በሚባለው ጅረት ዳር ባለው መንገድ አጠር አጠር ያለ እርምጃ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃዋል፤ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩለት። የሜሪላንድ በጋ ወበቁ ከባድ ነው፤ ውሻ እንደኛ አያልበውም፣ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ስለዚህ ማለዳ ወይም ከመሸ ብቻ። የሚዋኝበት ቦታ ካገኛችሁለት ላብራዶር ውሃ ነፍሱ ነው፤ ለጉልበቱም ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ ክሊኒኩ ሚዛን ላይ አውጪው፤ ለመመዘን ብቻ ቀጠሮ ያስፈልግ እንደሆነ ደውለሽ ጠይቂ። ከክብደቱ በሳምንት ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢቀንስ ጥሩ ነው፤ ለዳማ ከ400 እስከ 800 ግራም ነው። ከዚያ በላይ አታቻኩዪው። እንዲህ ከሄደ 33 ኪሎ ለመድረስ ከሁለት ወር ተኩል እስከ አምስት ወር ገደማ ይፈጃል። መሃል ላይ ቁጥሩ ቆሞ የሚቀርበት ጊዜ ይመጣል፤ ያኔ ተስፋ አትቁረጪ፣ ሐኪሟ ግራሙን ትንሽ ዝቅ ታደርግልሻለች።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ወረቀቱ ላይ የደም ምርመራ አላየሁም። ታይሮይድ የሚባለው የአንገቱ ዕጢ ደካማ ከሆነ ብዙ ሳይበላም ይወፍራል፤ ያንቀላፋል፣ ፀጉሩ ይሳሳል፣ ሙቀት ይፈልጋል። ውሃ አብዝቶ የሚጠጣና ሆዱ ብቻ የሚንዠረገግ ከሆነ ደግሞ ኩሺንግ የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። በብዛት ምክንያቱ ሳህኑ ነው፤ ቢሆንም ከመጀመርሽ በፊት ሁለቱን አጣሪልኝ። ሐኪሟ የምትልሽን ሰኞ ማታ ስትደውዪ ንገሪኝ፣ የምግቡንም ከረጢት ጀርባ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝና ግራሙን አብረን እናሰላዋለን። እማማን እጅ ነሺልኝ።

አባትሽ