እህቴ ቱሪስት አይደለችም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ሰላም ብያለሁ።

በበዓል ሰሞን የምታወጡትን የጉዞ ገጽ ሳላነብ አላልፍም። ፎቶው ያምራል፣ ጽሑፉም አይከፋም። ግን ሁሌም አንድ ነገር ይዘላል። የት እንደሚኬድ ትነግሩናላችሁ፤ ከማን ጋር እንደሚኬድ ግን ነገሬ አትሉትም። ብዙዎቻችን ደግሞ በበዓል ከቤት ወጣ የምንለው ከሩቅ የመጣ ሰው ስላለን ነው። በእኛ ቤት ያ ሰው ታላቅ እህቴ ናት። ውጭ ነው የምትኖረው፣ የምትመጣውም ከሥራ ፈቃድ ስታገኝ ነው።

ልትመጣ ነው ሲባል ገና ትኬቱ ሳይቆረጥ "የት እንውሰዳት?" ይጀመራል። አጠያየቁን ልብ በሉልኝ። "የት መሄድ ትፈልጊያለሽ?" ያላት ሰው የለም። አንዱ ሐይቅ ይላል። ሌላው ተራራ ይላል። ሦስተኛው ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ "ኧረ ሁለቱንም በአንድ መንገድ ማዳረስ ይቻላል፣ እንዲያውም መሀል ላይ ፏፏቴ አለ" ይላል። ከሁሉም አደገኛው ይሄ ሦስተኛው ሰው ነው። በመጨረሻ ደውዬ ራሷን ስጠይቃት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "መጀመሪያ አስተኙኝ፣ ከዚያ የፈለጋችሁበት ውሰዱኝ።"

ቤተሰቡ ሳቀ። እኔ ግን ከእሷ ጎን ነኝ። ቀልድም አልነበረም።

ረጅም በረራ ያደረገ ሰው ሰውነቱ የሚደርሰው ከሻንጣው በኋላ ነው። ጄት ላግ የሚሉት ነገር፣ ማለትም ሰዓቱ ወደተለየ አገር በርሮ የገባ ሰው የሚገጥመው የእንቅልፍ መዛባትና ድካም፣ የቅብጠት ወሬ የሚመስለው ሰው አሁንም አለ። እያንዳንዳችን ውስጥ መቼ እንደምንተኛ፣ መቼ እንደምንነቃ፣ መቼ እንደሚርበን የሚወስን ሰዓት አለ፤ ዋናው አንጎል ውስጥ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ሕዋስ ማለት ይቻላል የራሱን ይቆጥራል። ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ይህ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ በማሳየታቸው ነው። ይሄ ሰዓት ታዲያ እንደ እጅ ሰዓት አይጠመዘዝም። በግምት ለአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ይፈልጋል። የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት ካለበት አገር የመጣች ሴት እንግዲህ ሳምንት ያህል ያስፈልጋታል ማለት ነው። ወደ ምሥራቅ ከበረረች ደግሞ ይብስባታል፤ የአብዛኛው ሰው የውስጥ ሰዓት ከ24 ሰዓት ትንሽ ስለሚረዝም ቀኑን ማስረዘም ይቀለዋል፣ ማሳጠር ግን ይከብደዋል።

እኛ በዚህ ሰውነት ላይ ነው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መኪና ውስጥ የምንጭነው። እሷም ትልቅ ሰው ስለሆነች ዝም ትላለች። ሐይቁ ዳር ቆማ ፎቶ ትነሳለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ዓይኗ ግን ክድን ክድን ይላል። ማታ ሁላችንም ስንተኛ እሷ ፍጥጥ ብላ ጣሪያ ስታይ ታድራለች።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው እንኳ ከእንቅልፍ ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው የምርምር ውጤት ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ እግር ውስጥ ደም የመርጋቱን ዕድል በግምት በእጥፍ እንደሚያሳድገው አሳይቷል። ለጤነኛ ሰው ዕድሉ ትንሽ ነው፣ ከ6,000 ሰው አንድ ገደማ ስለሆነ ማንም እንዳይደነግጥ። ነገር ግን አውሮፕላን ብቻ አይደለም፤ መኪናም አውቶቡስም ባቡርም እኩል ናቸው። አደጋው ከወረዱ በኋላም ለሳምንታት ይቆያል፣ ተከታታይ ረጅም ጉዞ ደግሞ ይጨምርበታል። ስለዚህ ሌሊቱን በአውሮፕላን የመጣን ሰው በማግስቱ ለግማሽ ቀን መኪና ውስጥ ማጠፍ ተገቢ አይደለም። የግድ ከሆነም በየመሀሉ ቆም እያሉ እግር ማፍታታት ነው። "እንዳይመሽብን" እያለ አላቆም የሚል ሹፌር ካለ አስወርዱት፣ ወንድሜም ቢሆን።

ስለ ሹፌር ካነሳሁ አይቀር፣ እንግዳ የሚቀበለው ሰውም ይረሳል። ሌሊት አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ የጠበቀው፣ ሻንጣ የጫነው፣ ቤት ገብቶ ሲያወራ ያነጋው ሰው ጠዋት መሪ ይይዛል። አሠራሩ ሁሉም ቤት አንድ ነው መሰለኝ። 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው ንቃቱና ምላሹ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል በምርመራ ታይቷል። ጠጥቶ ቢሆን ቁልፉን እንቀማው ነበር።

"እሺ፣ ትረፍና እንሂድ፤ ግን ስንሄድ ብዙ እናሳያት" የሚል ወገን ይመጣል። አንድ ሌሊት እዚህ፣ አንድ ሌሊት እዚያ፣ አንድ ሌሊት ደግሞ ወዲያ ማዶ። ሰው በማያውቀው ቤት የመጀመሪያ ሌሊት ጥሩ እንደማይተኛ ሁላችንም እናውቃለን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምክንያቱን አሳዩ፦ በአዲስ ቦታ የመጀመሪያ ሌሊት የአንጎላችን አንደኛው ወገን እንደ ዘበኛ ነቃ ብሎ ያድራል፣ ኮሽታ ሁሉ ያሰማዋል። በሁለተኛው ሌሊት ይለምዳል። እንግዲህ አስቡት፣ በየቀኑ ሆቴል የምትቀይሩ ከሆነ እያንዳንዱ ሌሊት የመጀመሪያ ሌሊት ነው። አንድ ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ማደር ሦስት ቦታ አንድ አንድ ሌሊት ከማደር ይሻላል፤ ስስት ካልሆነ በስተቀር ሌላውን ለመምረጥ ምክንያት አይታየኝም።

እስካሁን ስለ ሰውነት ነው ያወራሁት። ዋናው ጉዳዬ ግን ወሬ ነው።

ከእህቴ ጋር በስልክ የማንነጋገርበት ሳምንት የለም። ታዲያ በስልክ የምናወራው ደኅና ነገር ብቻ ነው። ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ሥራ እንዴት ነው፣ እማዬ መድኃኒቷን ወሰደች ወይ። ከባዱ ነገር በስልክ አይወራም። ከባዱ ነገር የሚመጣው ሁለት ሰዎች ምንም ሳይሠሩ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ለረጅም ጊዜ ዝም ሲሉ፣ ከዚያ አንዷ ከየት መጣ ሳይባል "ታውቃለህ፣ ያኔ እኮ..." ስትል ነው። ወሬ ቀጠሮ አይወድም። በሦስት ሰዓት ሐይቅ፣ በስድስት ሰዓት ምሳ፣ በስምንት ሰዓት ፏፏቴ የሚል ፕሮግራም ውስጥ "ያኔ እኮ" የምትል ሴት አትገኝም። ቦታዋን ይዘን በሰው ሞልተነዋል።

ሰው ስል ደግሞ ሰው ነው! እህት መጣች ሲባል ሁሉም ልሂድ ይላል፤ አክስት፣ የአክስት ልጅ፣ የአክስት ልጅ ጓደኛ። ማንንም ቅር ማሰኘት አልፈልግም። እናታችን ሳትኖር የሚደረግ ጉዞ እኔም አይጥመኝም። ግን አንድ ጠዋት፣ ቢያንስ አንድ ጠዋት፣ እህትማማቾችና ወንድማማቾች ብቻቸውን የሚሆኑበት ይኑር። ለእሱም አስቀድሞ ይነገር እንጂ እዚያ ደርሶ መሹለክ አያምርም፣ ቅያሜው ከጉዞው ዕድሜ ይረዝማል።

ብቻችንን ስንሆንም ሁሉም አልጋ በአልጋ አይደለም፤ ትልልቅ ሰዎች ነን፣ የራሳችን ቤትና ትዳር አለን፣ ሆኖም አንድ መኪና ውስጥ በገባን በግማሽ ሰዓት ውስጥ እሷ እንደ ድሮዋ ታዛለች እኔም እንደ ድሮዬ አኮርፋለሁ። መስኮት ዝጋ። ሬዲዮ ቀንስ። ሹራብ ደርበሃል? ይሄ እንደሚመጣ አውቆ መሄድ ጥሩ ነው። እኔ አሁን ሹራቤን ቀድሜ እደርባለሁ።

ገንዘብ ላይ ግን መሳቅ አልችልም። ከውጭ የመጣ ሰው ኪሱ አይነጥፍም የሚል እምነት አለን። ምሳ ሲበላ ሒሳብ ሲመጣ ሁሉም "እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል" ይልና እጅ ለእጅ ይያያዛል፣ መጨረሻ ላይ ግን ለምን እንደሆነ እንጃ የእሷ እጅ ነው የሚያሸንፈው። ለትኬቱ ስንት ወር እንዳጠራቀመች አንጠይቅም። ስጦታውን በምን እንደገዛች አንጠይቅም። ፈቃዷ ካለቀ የቀረችበት ቀን ከደመወዟ እንደሚቆረጥ ብናውቅም አናነሳውም። እሷም "ደኅና አይደለም እንዴ ኑሮዋ" እንዳይባል ትከፍላለች። ከዚያ ተመልሳ ወር ሙሉ ተጨማሪ ፈረቃ ትሠራለች፣ እኛ ደግሞ "ደውላ አታውቅም" እንላለን። አቦ፣ ይሄ ነውር ነው! ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ሰው ድፍረት አግኝቶ "ማደሪያው በእኔ፣ ነዳጁ በእሱ፣ አንቺ በነፃ ነሽ" ወይም "እኩል እንካፈል፣ አቅማችን ይሄ ነው" ይበል። የሚያሳፍር ወሬ ነው፣ ግን አምስት ደቂቃ ነው የሚያሳፍረው።

ደግሞ ስለ ማረፍ የምለው የእኔ ስንፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ከ1,500 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ለዕረፍት የሚሄዱት ሰዎች ከማይሄዱት ይበልጥ ደስተኛ ሆነው የተገኙት ከመሄዳቸው በፊት ነው፣ በጉጉቱ ጊዜ። ከተመለሱ በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፋ፤ ትንሽ የቆየላቸው ጉዟቸው በጣም ዘና ያለ ነበር ያሉት ብቻ ናቸው። እኔ እንደገባኝ ጉጉቱን ለእሷም ማካፈል ይገባል። አስገራሚ ነገር እያላችሁ አትደብቁባት። ከወራት በፊት ቦታውን አብራችሁ ምረጡ፣ ፎቶ ላኩላት፣ ታውጣ ታውርደው። ግማሹ ደስታ እዚያ ነው ያለው።

የመመለሻው ነገርም አለ። ነፍሱን ይማረውና የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካነማን ከባልደረቦቹ ጋር ባደረገው ምርምር ሰው ያሳለፈውን ነገር ሲያስታውስ ርዝመቱን ሳይሆን በጣም የተሰማውን ቅጽበትና መጨረሻውን እንደሚመዝን አሳይቷል። እኛ ደግሞ መጨረሻውን እንዴት እንደምናደርገው ታውቃላችሁ። ከመንገድ ስንመለስ ማታ በረራዋ ነው፤ ሻንጣ አልተዘጋም፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ ሁሉም ይጮሃል፣ ፓስፖርቱ የት ገባ ይባላል። በዚህ ሁኔታ የተሸኘች ሴት ሐይቁን ሳይሆን ጩኸቱን ነው ይዛ የምትሄደው። ጉዞው በፈቃዷ መሀል ይሁን፤ መጀመሪያዋ ለእንቅልፍ፣ መጨረሻዋ ለቤት።

የምጠይቃችሁ እንግዲህ ይሄን ነው። ቦታ ስትጠቁሙ ውበቱን ብቻ አትንገሩን። በመኪና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጻፉ፣ በእውነተኛ ሰዓት እንጂ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት አይሁን። መሀል ላይ ወርዶ እግር ማፍታቻ አለ ወይ? ጉልበቷን የሚያማት እናት እስከ ማያው ቦታ መድረስ ትችላለች? ሌሊቱ ፀጥ ይላል ወይስ እስኪነጋ ሙዚቃ አለ? ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ነው? ከ2,500 ሜትር በላይ ሲሆን ከቆላማ አገር የመጣ ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊይዘው፣ እንቅልፍም ሊያጣ ስለሚችል የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ማለት አለበት፤ ይህን አንድ መስመር የጻፈ የጉዞ ገጽ አላየሁም። ልጆች ካሉም መኪና የሚያጥወለውለው ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉትን ይበልጥ ነው፣ መንገዱ ጠመዝማዛ ከሆነ ንገሩንና ስልኩን ቀምተን መስኮት ዳር እናስቀምጣቸው።

ይህን ስል "አንዴ ነው የመጣችው፣ ሳታይ ትመለስ?" የሚለኝ አይጠፋም። ወንድሜ ብሎኛልም። ሐይቁ የትም አይሄድም ወንድሜ፣ ዕድሜያችን ነው የሚሄደው። እሷ አገር ለማየት ብትፈልግ ኖሮ ለዚያ ትኬት የትም መሄድ ትችል ነበር። እኛን ብላ ነው የመጣችው። አንድ ቦታ ውሰዷት፣ ቅርብ ይሁን፣ ከዚያ ተዋት። ትተኛ። ስትነቃ አጠገቧ ሁኑ።

የዘወትር አንባቢያችሁ