የበቆሎ ዘር በኩንታል ብቻ አይመዘን

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

የበቆሎ ምርጥ ዘር ሥርጭት በተነሣ ቁጥር ዝርያዎች የሚወዳደሩት በሄክታር በሚሰጡት ኩንታል ነው፤ ዘሩ ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈልግ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። ዝናብ አጠር በሆነው ስምጥ ሸለቆ ለሚያርስ ገበሬ ይህ ዝምታ የዓመት ቀለቡን ሊያሳጣው ይችላል።

በ1993 እ.ኤ.አ. ከባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ቢኤች 660 የተባለው የበቆሎ ዝርያ የአገራችን የበቆሎ ምርት ባለውለታ ነው። ሆኖም ለመድረስ 160 ቀን ገደማ ስለሚፈልግ፣ የሚስማማው ዝናቡ ለሚረዝምበት ለምዕራቡ ወይና ደጋ እንጂ በስምጥ ሸለቆ ላሉት ለመቂና ለአዳሚ ቱሉ አይደለም። በአንጻሩ መልካሳ-1 የተባለው ዝርያ በ90 ቀን ገደማ ይደርሳል፤ ምርቱ ግን ቢኤች 660 በምርምር ጣቢያ ከሚሰጠው ግማሹን እንኳ አይሞላም።

ልዩነቱ የተፈጥሮ ነው፤ ቶሎ የሚያብብ በቆሎ ቅጠሉ ጥቂት ነው፣ ፍሬውን የሚሞላበት ጊዜም ያጥራል። የሚያብብበት ጊዜ ከወላጅ ወደ ልጅ በአስተማማኝ ሁኔታ ስለሚተላለፍ፣ ቀድመው ያበቡትን እየመረጡ ማራባት ዝርያውን በጥቂት ትውልድ ቶሎ ደራሽ ያደርገዋል፤ የአዳቃዩ ፈተና ምርቱ አብሮ እንዳይወርድ መጠበቅ ነው። በሜክሲኮ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያካሄደው ሥራ ሌላ መንገድም እንዳለ አሳይቷል። በቆሎ በሚያብብበት ወቅት ውኃ ሲያጣ፣ ወንዴው አበባ ዱቄቱን በጊዜው ሲበትን ዱቄቱን የሚቀበለው የሴቴው ጺም ግን ይዘገያል፤ በዚህም ምክንያት አገዳው ለምልሞ ቢቆምም የበቆሎው ራስ ፍሬ አልባ ይቀራል። ተመራማሪዎቹ በድርቅ ውስጥ ይህ ክፍተት የጠበበባቸውን ተክሎች ትውልድ በትውልድ በመምረጥ በውኃ እጥረት ጊዜ የሚገኘውን ምርት አሳድገዋል። የእኛም የቆላ ዝርያዎች ከቀን ማሳጠሩ እኩል በዚህ ባሕርይ ሊመዘኑ ይገባል እላለሁ።

ከምርምሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ዘሩ ገበሬው እጅ አለመግባቱ ነው። መልካሳ-1 እና መልካሳ-2 ዲቃላ (የተለያዩ ወላጆችን በማዳቀል በየጊዜው እንደ አዲስ የሚመረት ዘር) ስላልሆኑ ገበሬው ከራሱ ማሳ መርጦ ለተወሰኑ ዓመታት መልሶ ሊዘራቸው ይችላል። ይህ ለእርሱ ትልቅ ጥቅም ሆኖ ሳለ፣ በየዓመቱ ገዢ ለሚፈልግ ዘር አባዢ ድርጅት ግን አያጓጓም። ስለዚህ ቶሎ ደራሽ ዘርን ማባዛት ለገበያ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም፤ መንግሥት በጀት ሊመድብለት ይገባል።

የግብርና ቢሮዎች ዝናብ ዘግይቶ በሚገባባቸው ዓመታት የሚከፋፈል የቶሎ ደራሽ ዘር ክምችት በየወረዳው እንዲይዙ እጠይቃለሁ። በቆሎ በደጋ ቅዝቃዜ ስለሚዘገይ፣ በከረጢቱ ላይ የሚታተመው የመድረሻ ቀንም ከባሕር ወለል በላይ በየትኛው ከፍታ እንደተለካ ተገልጾ በገበሬው ቋንቋ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ