የሚቋረጠው ድምፅ ብልሽት አይደለም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ከሥራ ውጭ ያለውን ጊዜ በምን እንደሚያሳልፉ ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ፣ የጥንት የቤንዚን ሞተሮችን ሰብስበው ስለሚያስነሱ ሰዎች የሰፈሩትን ሁለት አንቀጾች በደስታ ጀምሬ በቅሬታ ጨረስኳቸው። ጸሐፊው በአንድ የገጠር ትርኢት ላይ ያዩትን ሞተር አንዴ ፈንድቶ ብዙ ጊዜ ዝም የሚል፣ ሊቆም የተቃረበ አሮጌ አድርገው ገልጸውታል፤ አስከትለውም ይህን መሰሉን ብረት እየገዙ ማስጮህ ገንዘብ የተረፋቸው ሰዎች ጨዋታ እንደሆነ ነግረውናል። በአዲስ አበባ ለአሥራ ሁለት ዓመታት በመካኒክነት የሠራሁ፣ ዛሬ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት የምኖርና ከእነዚህ ሞተሮች ሦስቱን በጋራዤ ያኖርኩ አንባቢያችሁ እንደመሆኔ፣ ሁለቱም አባባሎች ሳይታረሙ እንዳይቀሩ በማለት ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ጸሐፊው የሰሙት ዝምታ ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣም የነበረው ጠባይ ነው። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለእርሻ ሥራ ከተሠሩት ትናንሽ ሞተሮች ብዙዎቹ ፍጥነታቸውን የሚመጥኑት፣ እንደ መኪና ሞተር የሚገባውን ቤንዚንና አየር በማብዛትና በማሳነስ አልነበረም። ሞተሩ ከተወሰነለት ፍጥነት ሲያልፍ ከቮላኖው፣ ማለትም ከሞተሩ ከባድ መዘውር ጋር የሚዞሩ ሁለት ትናንሽ ክብደቶች ወደ ውጭ ይከፈቱና አንዲት መቀርቀሪያ ይገፋሉ፤ መቀርቀሪያዋም የጭስ መውጫውን ቫልቭ እንደተከፈተ ይዛ ታስቀረዋለች። የማስገቢያው ቫልቭ ደግሞ የሚገፋው ዘንግ የለውም፤ በስስ ሞላ ተይዞ የሚከፈተው ፒስተኑ ሲመለስ በሚፈጥረው ስበት ብቻ ነው። የጭስ መውጫው ክፍት ከሆነ ስበቱ ይጠፋል፣ ስበቱ ከጠፋ ቤንዚን አይገባም፣ ቤንዚን ካልገባ የሚፈነዳ ነገር የለም። ሞተሩም ከባድ ቮላኖዎቹ ባጠራቀሙት ጉልበት ብቻ እየተነፈሰ ይዞራል፤ ፍጥነቱ ትንሽ ሲወርድ መቀርቀሪያዋ ትለቅና አንድ ጊዜ «ጧ!» ይላል፤ ከዚያ እንደገና ዝም።

እንግዲህ ሥራ ሳይሰጠው በባዶው የሚዞር ሞተር ዝምታው በረዘመ ቁጥር ሞተሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ ኩሽኔታው ልክ ገብቷል፣ ፒስተኑ ሳይፋተግ ይመላለሳል። ቺንጋ አልብሰው የበቆሎ መፈልፈያ ሲያስጎትቱት ግን ፍንዳታዎቹ እየተቀራረቡ ይመጡና፣ ሸክሙ ሲከብድ ዝምታው ጨርሶ ይጠፋል። ጸሐፊው አጠገቡ አሥር ደቂቃ ቢቆዩ ኖሮ ሞተሩ የሚፈልገውን ያህል ብቻ እየበላ እንደሚሠራ ባዩ ነበር። ለነዳጅ ቆጣቢነት ሲባል የታሰበ ብልሃት መሆኑ ቀርቶ የእርጅና ሳል ተደርጎ መቆጠሩ ነው ያስከፋኝ።

የመጀመሪያዋ ሞተሬ የእርሻ መሣሪያ አምራቹ ጆን ዲር ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1923 እስከ 1946 ድረስ በሠራው «ኢ» በተባለው ዓይነት ውስጥ ትንሿ፣ የአንድ ተኩል ፈረስ ጉልበት ናት። ያገኘኋት በአንድ የእርሻ መጋዘን ጥግ ነው፤ በውሃ መያዣዋ ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርቶበት፣ ፒስተኗ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቆ። ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት ቀላቅዬ በካንዴላው ቀዳዳ እያፈሰስኩ በየማታው በእንጨት ጉማጅ ላይ ቀስ እያልኩ በመዶሻ መታ መታ አደረግኳት፤ በሃያ ሦስተኛው ማታ የጣት ውፍረት የምታህል ፈቀቅ አለች። ባለቤቴ ጩኸቴን ሰምታ እጄን የቆረጥኩ መስሏት በባዶ እግሯ ነው የወጣችው። የከፈልኩባት ዋጋ ለልጄ ስልክ ካወጣሁት ያነሰ መሆኑን የምጠቅሰው «ገንዘብ የተረፋቸው» ስለተባለው ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ግን አንድ ሐበሻ ብቻ ሊሠራው የሚችል ስህተት ሠራሁ። እነዚህ ሞተሮች ራዲያተር የላቸውም፤ በሲሊንደሩ ዙሪያ ያለው ክፍት ገንዳ ውሃ ይሞላና ውሃው እየፈላ በእንፋሎት መልክ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በብርድ ወራት ሥራ ሲያበቃ ከሥር ያለችውን ቧንቧ ከፍቶ ውሃውን ማፍሰስ ግዴታ ነው። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ወደ ዘጠኝ በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ገንዳው የተሠራበት ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ብረት፣ ደግሞ አይለጠጥም። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ግን ጋራዥ ውስጥ ያለ ውሃ በአንድ ሌሊት ድንጋይ የሚሆንበት አገር አላደግኩም። ጠዋት ስነሳ በገንዳው ጎን ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች ወርዳ አየሁ። ዛሬም ታንጠባጥባለች፤ ጊዛ መበየድ የሚችል ሰው እስካገኝ ድረስ ከሥሯ ጣሳ አስቀምጬላታለሁ።

«ገንዘብ የተረፋቸው ሰዎች ጨዋታ» ወደተባለው ልመለስ። ሁለተኛው ሞተሬ በአዮዋ ክፍለ ግዛት ኒውተን ከተማ የነበረው የሜይታግ ኩባንያ ለልብስ ማጠቢያ የሠራው ነው። ኩባንያው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ የቤንዚን ሞተር የተገጠመላቸውን ማጠቢያዎች ይሸጥ የነበረው ለሀብታም አልነበረም፤ ኤሌክትሪክ ላልደረሰበት ገበሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ኤሌክትሪክ የገባላቸው የእርሻ ቤቶች ከአሥሩ አንድ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ የገጠር ኤሌክትሪክ ሕግ የወጣውም በ1936 ነው። የቤቱ እመቤት ፔዳሉን በእግሯ ረግጣ ሞተሩን ታስነሳለች፣ ጭሱ እንዳያፍናት ተጣጣፊውን የብረት ቱቦ በመስኮት ወይም በበር ታወጣለች። በዝግ ቤት ከሰል ማንደድ የሚያመጣውን አደጋ ለሚያውቅ የእኛ አገር ሰው የዚህ ቱቦ ጥቅም አይጠፋውም። አንዲት የሰማንያ ስምንት ዓመት ጎረቤቴ ሞተሩን ባስነሳሁበት ቀን አጥሩን ይዘው ቆመው ሲሰሙ ቆዩና፣ ልጅ ሳሉ ሰኞ ሰኞ የሚቀሰቅሳቸው ይኸው ድምፅ እንደነበር ነገሩኝ። እሳቸው ዘንድ ይህ ዕቃ እናታቸውን ከማጠቢያ ገበታ ያሳረፈ መሣሪያ ነው።

ለእኛም ቢሆን ድምፁ ባዕድ አይደለም። ከወፍጮ ቤት አጠገብ ያደገ ሰው ሁሉ «ቱግ ቱግ» የሚለውን ያውቀዋል፤ እርግጥ የወፍጮ ቤቱ ሞተር በናፍጣ የሚሠራ፣ ካንዴላ የሌለው፣ አየሩን አጥብቆ በመጭመቅ ብቻ የሚያቀጣጥል በመሆኑ ከእነዚህ ጋር አንድ አይደለም። ቮላኖው፣ ቺንጋውና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሞተሩን ጆሮውን አዘንብሎ የሚያዳምጠው ሰው ግን አንድ ናቸው።

በጽሑፉ ውስጥ አንድ ሌላ ነጥብ፣ ማለትም «አድሶ በቀለም ማሳመር» የሥራው ዋና ግብ ተደርጎ መቅረቡ፣ ለእኔ አይዋጥልኝም። በዚህ ጉዳይ ሰብሳቢዎች እንደማይስማሙ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ከፋብሪካ የወጣው አረንጓዴ ቀለም በከፊል ከቆየ፣ በማስነሻው በኩል ደግሞ የገበሬው እጅ የላጠው ቦታ ከታየ፣ ያንን በአሸዋ ግፊት አጥቦ በአዲስ ቀለም መሸፈን ጥፋት ነው እላለሁ። ቀለም በማንኛውም ጊዜ ይገኛል፣ የተላጠው ቦታ ግን ተመልሶ አይመጣም። ለሞተሩ የሚያስፈልገው ንጹሕ ማግኔቶ (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ክፍል)፣ አዲስ ዘይትና፣ ከተቻለ ኢታኖል የተባለው አልኮል ያልተቀላቀለበት ቤንዚን ነው፤ ኢታኖል እርጥበት ይስባል፣ ለብዙ ወራት በቆመ ሞተር ውስጥ ሲቀር ደግሞ የድሮ ጋርኒሲዮኖችን (በመጋጠሚያ መካከል የሚገቡትን ማሸጊያዎች) ያበላሻል።

ሞተሮቹ በሕይወት እንዳሉ ማየት የሚፈልግ አንባቢ ካለ፣ በፔንሲልቬንያ እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመው የኩልስፕሪንግ ሙዚየም በትርኢት ቀናቱ ከስብስቡ ብዙ ሞተሮችን አስነስቶ ያሳያል፤ በኢንዲያና የምትገኘው ፖርትላንድ ከተማ ደግሞ በየነሐሴው ትልቅ የሞተርና የትራክተር ትርኢት ታስተናግዳለች። እኔ የምሄደው ወደዚህኛው ነው።

ዝግጅት ክፍሉ በሚቀጥለው እትም ቢያንስ በፎቶግራፉ ሥር የተጻፈውን «ሊቆም የተቃረበ» የሚለውን ሐረግ እንዲያርም በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጸሐፊውም ወደ ኦሃዮ ብቅ የሚሉ ከሆነ ቡና አስፈልቼ እጠብቃቸዋለሁ፤ ማኖቬላውንም፣ ማለትም በእጅ የሚዞረውን ማስነሻ፣ ራሳቸው ይዘው ትንሿን ሞተሬን ያስነሷት። ብቻ አውራ ጣታቸውን በእጀታው ዙሪያ እንዳያጥፉ፣ ከአራቱ ጣቶቻቸው ጋር በአንድ ወገን ያድርጉት፤ ብልጭታው ቀድሞ ከመጣ ማኖቬላው ወደ ኋላ ይመልሳል፣ የኔን አውራ ጣት ለሦስት ሳምንት በፋሻ ያስጠቀለለውም እሱ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ