ሜዳ ላይ ለሚቀደሰው ቅዳሴ፦ ለልጄ

ይድረስ ለልጄ፤ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልሽ።

ሐዋሳ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ለሚደረገው የበዓል ቅዳሴ መሠዊያውን የምታሰናጂው አንቺ መሆንሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግድግዳውና ጣራው ራሱ ሰውን ዝም ያሰኛል። ሜዳ ላይ ያንን የሚተካው የእናንተ ዝግጅት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን የቀኖና ሕግ በቁጥር 932 እንደሚያዘው ቅዳሴ ከተቀደሰ ስፍራ ውጭ የሚደረገው አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ነው። ያኔም ቦታው የሚገባ መሆን አለበት፤ ጠረጴዛውም ልብስና ጽዋው የሚያርፍባት ነጭ ጨርቅ አይጉደሉበት። መስቀልና ሻማም ይኑሩት።

ቦታ ስትመርጪ መጀመሪያ ወደ ላይ እዪ። የዋርካ ጥላ ያጓጓል፤ ነገር ግን አባ ኮዳ የሚያርፍበት ዛፍ ሥር መሠዊያ አይቆምም፤ ኩሱ ልብሱ ላይ ይወርዳል። ጦጣም ስላለ መባው እስኪቀርብ ድረስ ጠረጴዛው ያለ ጠባቂ አይቅር።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነፋሱ ነው። ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት ግን ይነፍሳል። ስለዚህ ቅዳሴው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንዲጀመር አባን ለምኚያቸው፤ ድንኳኑንም በሐይቁ በኩል ጋርዱት። የመሠዊያው ልብስ ጠርዝ ላይ ክብደት ያለው ነገር ስፊበት። ጽዋው የሚያርፍባትን ጨርቅ ግን በመርፌ ቁልፍ አታያይዢያት፤ ፍርፋሪው ሳይበተን መታጠፍ አለባት። ጽዋው ክዳኑ አይለየው፣ ዝንብና አቧራ አለ። ሻማው በመስታወት ይከለል። ኅብስቱ ስስ ስለሆነ ትንሽ ነፋስ ያነሳዋል፤ ማቁረቢያ ዕቃውን ከግማሽ በላይ አትሙሉት። ዕቃ አነሰ ተብሎ የብርጭቆ ወይም የሸክላ ሳህን እንዳይመጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ከሮም የወጣው «ሬዴምፕሲዮኒስ ሳክራሜንቱም» የተባለው መመሪያ በግልጽ ይከለክለዋል።

አሁን ወደ ማቁረቡ ልምጣ፤ ሜዳ ላይ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። ሕዝቡ ይጋፋል፣ የሚያቆርበው ይቸኩላል፣ ቅዱስ ቁርባኑ ይወድቃል። ለአንድ ሰው ስድስት ሰከንድ ብትይዢ 300 ሰው በአንድ ካህን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ በሁለት ካህን ግን ሩብ ሰዓት ይበቃል። አባን ጠይቀሽ ቦታዎቹን አስቀድመሽ ወስኚ፤ በየቦታው ጃንጥላ የሚይዝ ልጅ ይቁም፣ ሰውም ከሩቅ አይቶ ይሰለፋል። ከቆራቢው አገጭ በታች ጻሕል፣ ማለትም ፍርፋሪ የሚቀበል ሳህን፣ የሚይዝም ይኑር። የነጠላ ጫፍ በነፋስ እየበረረ ዕቃውን እንዳይመታ ሴቶቹ ከመቅረባቸው በፊት ይሰብስቡት።

ቄጤማ ሕዝቡ በሚቆርብበት ቦታ አይጎዝጎዝ! ለበዓል ያምራል፣ አውቃለሁ፤ ሌላው ቦታ ጎዝጉዙት። ቄጤማ ውስጥ የወደቀች ፍርፋሪ ግን አትገኝም። በምትኩ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፤ የወደቀው ወዲያው ይታያል። ከወደቀ ማንም አይርገጥ፣ ሰልፉ ይቁም፣ ካህኑ በአክብሮት ያንሡት። ክቡር ደሙ ከፈሰሰ ቦታው በውሃ ይታጠብና ውሃው በዕቃ ቤት ባለው፣ በቀጥታ ወደ መሬት በሚወርደው ገንዳ ይፍሰስ።

ከቁርባን በፊት የአንድ ሰዓት ጾም እንዳለ ከዋዜማው ይነገር፤ ውሃና መድኃኒት ጾሙን አያፈርሱም። ሜዳው ዳር ሻይና ቆሎ የሚሸጡትን ደግሞ ቅዳሴው እስኪያልቅ ራቅ እንዲሉ በትሕትና ለምኗቸው። ፎቶ የሚያነሣ አንድ ሰው ይበቃል። ኅብስቱና ወይኑ በሚለወጡበት ጊዜ ደወል ይደወል፤ ከኋላ ያለው ድምፅ ማጉያው ባይደርሰው እንኳ ሰምቶ ይንበረከካል። መንበርከክ የማይችል፣ ካህኑ ከለውጡ በኋላ ሲንበረከኩ፣ ዝቅ ብሎ ይስገድ።

የዝናቡን ነገር ቅዳሴው ሳይጀመር ወስኑ። ደመናው ከከበደ አዳራሹ ይከፈት፤ መሃል ላይ ጽዋ ይዞ መሮጥ አይገባም።

ሲያበቃ የተረፈው ቅዱስ ቁርባን በካህኑ ይበላ ወይም ሻማ እየቀደመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወሰድ። ከዚያ በፊት ወንበር አይነሣ፣ ድንኳን አይፈታ። የጨርቆቹን የመጀመሪያ እጣቢ ወደ ፍሳሽ እንዳትደፊው፤ ንጹሕ ሳፋና አንድ ጀሪካን ውሃ ከአሁኑ ለይተሽ አስቀምጪ።

እናትሽ